በእንግሊዝኛ ተምረን የእንግሊዝኛ ምስክር ስንገዛ



ባለፈው ወር በ16 እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ለመሳለም ከወጣነው መካከል አንዱ ጓደኛችን በአንድ እጁ የጸበሉን ጀሪካን፣ በሌላው የአይኤልትስ መለማመጃ መጽሐፍ ይዞ ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ ሊፈተን ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ለሥራና ለኑሮ ለሚሄዱ ሰዎች የተዘጋጀውን ጄኔራል የተባለውን ፈተና ወሰደ፤ ያመለከተበት ዩኒቨርሲቲ የሚፈልገው ግን አካዴሚክ የተባለውን ነበርና አባቱ ከዕቁብ የደረሳቸው ገንዘብ በከንቱ ቀረ። ጸበሉን እንጠጣ፤ አንነቅፍም። ነገር ግን ሁለቱን ፈተናዎች ለይቶ የሚነግረው ሰው በዚህ ሁሉ ግቢ እንዴት ጠፋ?

ከዚያ ኮረብታ ግርጌ፣ በየካ በኩል፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ኤምባሲዎች ይገኛሉ። ከጣልያን ወረራ በፊት ዘመናዊ ትምህርት የቀመሰ ሰው በአብዛኛው የሚያውቀው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ከ1933 ዓ.ም ወዲህ ግን ትምህርት ቤቱ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። ዛሬም ከ9ኛ ክፍል፣ በአንዳንድ ክልልም ከ7ኛ ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ መንግሥት ለቪዛ ከቋንቋ ፈተና ነፃ ባደረጋቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ጃማይካ አለች፤ ኢትዮጵያ የለችም። በዚህ የሚቆጡ ጓደኞች አሉ። እኛ ግን ወቀሳውን ወደ ቤታችን እናመጣዋለን።

የአይኤልትስ የንግግር ፈተና ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይፈጃል። ከ9ኛ ክፍል እስከ ዛሬ ድረስ፣ በክፍል ውስጥ 14 ደቂቃ ሙሉ በእንግሊዝኛ የተናገረ ተማሪ እስቲ እጁን ያውጣ! መምህራኖቻችን ይቅር ይበሉንና፣ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ይታደለናል፣ ማብራሪያው በአማርኛ ይነገረናል፣ ፈተናውም ሀ፣ ለ፣ ሐ በማክበብ ያልፋል። እዚያ ግን የራስን አሳብ ቢያንስ በ250 ቃላት ጽፎ ማስረዳት ግድ ነው። ማዳመጫውም የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ «ይደገምልን» የለም። ሸምድደን ያደግን እኛ እንግዲህ ወዴት እንሂድ? ወደ ነጋዴው!

ነጋዴውም «7 ነጥብ በሁለት ሳምንት» የሚል ወረቀት በየምሰሶው ለጥፎ የሚሸመደድ ድርሰት ይሸጣል። ፈታኞች ሽምደዳን ለይተው ነጥብ እንደሚቀንሱ አይናገርም፤ ውጤቱ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት መሆኑንም አይናገርም። ቶፍል የሚከፈለው በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ ብራችን ምን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። ቤት ተቀምጠው የሚፈተኑት ዱኦሊንጎ ይረክሳል፤ መብራትና ኢንተርኔት ካልከዱ።

ከሁሉ የሚያበሳጨን ግን ያለ ፈተና የሚከፈት በር ሳይንኳኳ መቅረቱ ነው። አያሌ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንደ ተሰጠ የሚመሰክር ደብዳቤ ይቀበላሉ። ለእንግሊዝ ቪዛም ቢሆን በእንግሊዝኛ የተሰጠ ዲግሪ በኤክቲስ በኩል ከተረጋገጠ የፈተናውን ቦታ ይይዛል። አሜሪካ ለተማሪ ቪዛ አንድ ወጥ የቋንቋ ፈተና አልደነገገችም፤ ወሳኙ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ነው። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ተቀባዩን መጠየቅ አንድ ደብዳቤ ብቻ ይፈጃል።

ስለዚህ ሬጅስትራሩ ይህን ምስክር ወረቀት ያለ ልመና፣ እንደ ማናቸውም የውጤት ማስረጃ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። መምህራኖቻችንም በየሴሚስተሩ እያንዳንዳችን ቆመን የምንናገርበት ጊዜ ይስጡን፤ አለዚያ ወረቀቱ ማኅተም ያረፈበት ሐሰት ይሆናል። ማኅበራችን በበኩሉ ከሚመጣው ረቡዕ ጀምሮ ከቀኑ 11 ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ ሁለት ሁለት እየሆንን በእንግሊዝኛ የምንነጋገርበት ጉባኤ ከፍቷል። ክፍያ የለም። የተገዛ ድርሰት የያዘ ሰው በር ላይ አኑሮት ይግባ። የኪዳነ ምሕረቱ ጓደኛችን የሚፈተነው ከ3 ሳምንት በኋላ ስለ ሆነ የመጀመሪያው ተናጋሪ እርሱ ነው።