የተሰረቀው የእኛ ከሆነ ሊነገረን ይገባል

የተከበራችሁ የደብረ ታቦርና የአካባቢዋ ከተሞች መራጮች፤

በሰኔ 2012 ዓ.ም. የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ (ኢንሳ) መቀመጫቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች የሰነዘሩትን የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን ገለጸ። የጥቃቱ ዓላማ ከሕዳሴው ግድብ የውኃ ሙሌት ጋር በተያያዘ በአገራችን ላይ ኢኮኖሚያዊ፣ ሥነ ልቦናዊና ፖለቲካዊ ጫና ማሳደር እንደነበር አስታወቀ። መነገሩ ተገቢ ነበር፤ አንነቅፈውም። የምንነቅፈው ከዚያ ወዲህ የተለመደውን መግለጫ ነው። በየጊዜው ይህን ያህል ሺህ ሙከራ ከሸፈ ይባላል። ያልከሸፈውስ? የየትኛው ቡና ላኪ የዋጋ ውል፣ የየትኛው ጨረታ ሰነድ፣ የየትኛው ባንክ መዝገብ ተወሰደ? ገንዘቡን በቴሌብር የሚቀበለው የከተማችን ነጋዴ ይህን የማወቅ መብት የለውምን? (ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለወራት ኢንተርኔት ሲዘጋበት የደረሰበትን ኪሳራም የቆጠረለት የለም።)

ዝምታ ምን እንደሚያስከትል አዲስ አበባ ላይ ታይቷል። ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ በጥር 2010 ዓ.ም. እንደዘገበው፣ ቻይና ሠርታ ካስረከበችው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ኮምፒውተሮች መረጃ በየሌሊቱ ወደ ሻንጋይ ይተላለፍ ነበር። ቻይና አስተባብላለች። ሆኖም በዘገባው መሠረት የኅብረቱ ባለሙያዎች ነገሩን የደረሱበት ከአንድ ዓመት በፊት ነው። ዓመት ሙሉ ለአፍሪካ ሕዝብ የነገረ አልነበረም።

"የአገር ምስጢር ነው" የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። የመከላከያ ዘዴው ምስጢር ይሁን፤ የደረሰው ጉዳት ግን ምስጢር ሊሆን አይችልም። አሜሪካ በግንቦት 2006 ዓ.ም. የንግድ ምስጢር ሰርቀዋል ያለቻቸውን አምስት የቻይና ጦር መኮንኖች ስትከስ፣ ስማቸውንም የተጎዱትን ኩባንያዎችም በይፋ ዘርዝራለች። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል።

ኢንሳን ብቻውን እንመን ቢባል ደግሞ ያለፈው አይፈቅድልንም። በ2007 ዓ.ም. ሾልከው የወጡ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ኩባንያ ሰነዶች መሥሪያ ቤቱ የስለላ ሶፍትዌር ደንበኛ እንደነበር አጋልጠዋል። የሶፍትዌሩ ዒላማ ከሆኑት መካከል በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞች ይገኙበታል።

ስለሆነም ፓርቲያችን ሲመረጥ የሚያቀርበው ሕግ፣ ኢንሳ የከሸፈውንም ያልከሸፈውንም ጥቃት በየስድስት ወሩ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በግልጽ ስብሰባ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ምስጢራዊ ዘዴን የሚመለከተው ክፍል ብቻ ተቃዋሚ አባላት በተካተቱበት ኮሚቴ በዝግ ይታያል። ሰነዱ የተሰረቀበት ድርጅት በሠላሳ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይነገረዋል፤ ካልተነገረውም ፍርድ ቤት ቀርቦ ካሣ መጠየቅ ይችላል።