የድንገተኛ ክፍል ሌሊት፦ የገጠሩ ታካሚ ጊዜ የሚባክነው የት ነው?

በገጠር ሕመም ሲጀምር ቀን ነው፤ ሆስፒታል የሚደረሰው ግን ሌሊት ነው። ማሳ ላይ ያመመው አርሶ አደር እስኪመሽ ይታገሣል፤ ከብቱ ከገባ በኋላ ጎረቤት ይማከራል፣ ገንዘብ ይፈለጋል፣ ወሳንሳው ይዘጋጃል፣ አስፋልት ዳር መኪና ይጠበቃል። የወረዳው ከተማ ሆስፒታል በር ላይ ሲደረስ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ይሆናል። በዚያ ሰዓት የድንገተኛ ክፍሉን የያዘው ብዙ ጊዜ አንድ ጠቅላላ ሐኪም ከጥቂት ነርሶች ጋር ነው።

የአገሪቱ የጤና አገልግሎት የተዘረጋው ታካሚው ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እንዲሸጋገር ታስቦ ነው። አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል ታቅዷል። ሌሊት ግን ጤና ኬላው በአብዛኛው ዝግ በመሆኑ ቀን ላይ በቀበሌ ሊፈታ ይችል የነበረው ጉዳይ ሁሉ በአንድ በር ይገባል።

ከበሩ ቀጥሎ ያለው ሥራ የታካሚዎች ልየታ ነው፤ የአስታማሚዎች ቅሬታም በብዛት የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ወረፋው የሚያዘው በመጡበት ቅደም ተከተል ሳይሆን በሕመሙ አስጊነት ነው። በስፋት በሚሠራበት የልየታ ሥርዓት ቀይ ምልክት የተሰጠው ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማው በ10 ደቂቃ፣ ቢጫው በ1 ሰዓት፣ አረንጓዴው በ4 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ሦስት ሰዓት በእግር ተጉዞ የመጣ ሰው በባጃጅ ከሰፈር የደረሰ ሌላ ታካሚ ሲቀድመው ቢከፋው አያስገርምም። ምክንያቱን በሁለት ቃል የሚያስረዳው ሰው ካላገኘ አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብሎ ያድራል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የፀረ ተባይ መመረዝ ነው። እንደ ማላታዮን ያሉት ርጭቶች በቆዳና በትንፋሽ ጭምር ይገባሉ፤ ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ፣ በነፋስ ፊት ቆሞ የረጨ ሰው ማታ ላይ ላብ ያጠምቀዋል፣ ምራቁ ይዝረከረካል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል። ለዚህ አትሮፒን የተባለ መድኃኒት አለ። አሰጣጡ ግን እንደ ሌላው መርፌ አንድ ጊዜ ወግቶ መሄድ አይደለም። ደረቱ ከፈሳሽ እስኪጠራ ድረስ በየጥቂት ደቂቃው፣ መጠኑ እየተጨመረ ይሰጣል፤ ከዚያም ለሰዓታት ክትትል ያስፈልገዋል። አንድ የተመረዘ ሰው ሲገባ ሐኪሙና ነርሷ ከአንድ አልጋ ጋር ይታሰራሉ፤ የቀሩት ታካሚዎች ይጠብቃሉ።

ለነቀዝ መከላከያ በእህል ውስጥ የሚቀመጠው ፍሬ መድኃኒት ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። እርጥበት ሲያገኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ለዚህ ጋዝ ማርከሻ የለውም፤ ሐኪሙ የሚችለው ትንፋሽንና የደም ዝውውርን መደገፍ ነው። እህሉ የተከመረበት ክፍል ውስጥ ቤተሰብ ተኝቶ ቢያድር ሁሉም ሊመረዝ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ በቅድሚያ የሚጠይቀው “የትኛው መድኃኒት ነው?” ብሎ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ “የተባይ መድኃኒት” ከሚል አያልፍም፤ ምክንያቱም ኬሚካሉ ከገበያ የተገዛው በተለምዶ ሃይላንድ በሚባለው የውኃ ፕላስቲክ ተቀድቶ ነው። ስሙ የተጻፈበት ዕቃ ሱቁ ቀርቷል። እዚህ ላይ ጥፋቱን በአርሶ አደሩ ብቻ መጫን ተገቢ አይሆንም፤ ቀድቶ የሚሸጠው ነጋዴ አለ፣ ያንን ሊቆጣጠር የሚገባው የግብርና መዋቅርም አለ። ፀረ ተባይን ስለመመዝገብና ስለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 674 ከ2002 ዓ.ም ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። የተመረዘ ሰው የሚያመጣ ቤተሰብ ዕቃውን ወይም ወረቀቱን ይዞ ቢመጣ፣ የተነከረውን ልብስ አውልቆ ገላውን በውኃና በሳሙና ቢያጥብ፣ ለሐኪሙ ግማሽ ሰዓት ያተርፍለታል።

የወባ ወቅት ሲገባ ሸክሙ ይደራረባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በአውሮፓውያኑ 2024 እስከ ጥቅምት 20 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ታመዋል። ለከባድ ወባ የሚሰጠው የአርቴሱኔት መርፌ ታካሚው እንደገባ፣ ከዚያም ከ12 እና ከ24 ሰዓት በኋላ ይወጋል። ማታ 3 ሰዓት የተጀመረለት ሕፃን ሁለተኛውን መርፌ የሚያገኘው ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ይህም ከርክክብ በኋላ፣ በሌላ ሐኪም እጅ ማለት ነው። ማስታወሻው በሚገባ ካልተጻፈ ሰዓቱ ያልፋል።

ማስታወሻውን የሚጽፈው ሐኪም ደግሞ ቀኑንም ሲሠራ የዋለ ሊሆን ይችላል። የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ጊዜ በሳምንት 39 ሰዓት ነው፤ ዱቲ የሚባለው አዳር በዚያ ላይ ይጨመራል። በአውሮፓውያኑ 1997 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት 17 ሰዓት ያልተኛ ሰው ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለው ሰው ጋር እንደሚመጣጠን አሳይቷል። በ2004 ቦስተን በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተደረገ ሌላ ጥናት፣ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ በተከታታይ የሚሠሩ ጀማሪ ሐኪሞች ተራቸው ካጠረላቸው ይልቅ 36 በመቶ የበለጠ ከባድ ስሕተት እንደሠሩ መዝግቧል።

በግንቦት 2017 ዓ.ም የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ባነሡ ጊዜ፣ ነገሩ በገጠር የከተሜዎች ጉዳይ ተደርጎ ታይቶ ነበር። ከመስከረም 2018 ዓ.ም ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ተሻሽሏል። ይሁን እንጂ ደመወዝ ስለተጨመረ ብቻ ሌሊት የሚያድሩት ሐኪሞች ቁጥር አይጨምርም፤ ቁጥሩ ካልጨመረ ደግሞ በመጀመሪያ የሚጎዳው ከሩቅ ቀበሌ ዘግይቶ የሚደርሰው ነው። አርሶ አደሩ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል፤ በሆስፒታሎች የሥራ አመራር ቦርድም የኅብረተሰብ ተወካይ ይቀመጣል። ሌሊት ስንት ሐኪም ያድራል፣ ያለው አትሮፒን ለስንት ታካሚ ይበቃል፣ አምቡላንሱስ ነዳጅ አለው ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ሊነሡ የሚገባቸው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።