ሚዛን ከሞተር በፊት

በፊልም ባለሙያዎቻችን ዘንድ አንድ አጉል እምነት ሥር እየሰደደ ነው። ይኸውም፣ በእጅ ተይዞ ካሜራን ከመንቀጥቀጥ የሚያድነው ጂምባል የተባለው መሣሪያ እስካለ ድረስ፣ ሚዛን መጠበቅ የሞተሩ ፈንታ ነው የሚል ነው። እኔ ግን ሞተር ያገኘውን ሚዛን ይጠብቃል እንጂ ሚዛንን አይፈጥርም እላለሁ።

አንዲት አጭር ተውኔቴን በፊልም ለመቅረጽ ቀራንዮ በወጣንበት ዕለት ይህንኑ በዓይኔ አየሁ። ተዋናይቷ ውኃ የሞላ ጀሪካን አዝላ የኮብልስቶኑን ዳገት ትወጣለች፤ ካሜራው ከኋላ ይከተላታል። ወጣቱ ካሜራ አንሺ ሌንሱን በከባድ ሌንስ ለውጦ ሚዛኑን ሳያስተካክል ሞተሩን ቢያስነሣው፣ መሣሪያው እንደ ወባ በሽተኛ ተንዘፈዘፈ።

«ምነው ብታስተካክለው?» አልሁት።

«ግድ የለም ጋሼ፤ የሞተሩን ጉልበት እጨምርለታለሁ።»

ጨመረለት። ሞተሩ ጋለ፤ ባትሪው ያለጊዜው አለቀ፤ ተዋናይቷም ዳገቱን አራት ጊዜ በከንቱ ወጣች።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞተሩ የተሠራው የያዡን እጅ መናወጥ እንዲያርም ነው፤ ያልተመዘነ ክብደት ሲጫንበት ግን ጉልበቱን ሁሉ ካሜራውን ደግፎ በማቆም ይጨርሰዋል። መፍትሔውም ረቂቅ አይደለም። ሌንሱ፣ ባትሪውና የማስታወሻ ካርዱ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ፣ ሞተሩ እንደጠፋ፣ ካሜራው ወደ ፊት ቢያዘነብል ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ ቢያጋድል ወደ ቀኝ እየተሳበ፣ እጅ ሲለቀው ባለበት እስኪቆም ይስተካከላል። ቀጥሎም ሌንሱ ወደ ሰማይ ሲቀና ካሜራው መርጋቱ፣ እጀታው ሲያዘነብልም ክንዱ በራሱ አለመዞሩ ይፈተናል። ቢበዛ ሩብ ሰዓት ይፈጃል።

አሜሪካዊው ጋሬት ብራውን በፈለሰፈው ስቴዲካም ላይ ካሜራውን ያረጋጋው ሞተር አልነበረም፤ የክብደት ሚዛን፣ መጋጠሚያና ባለስፕሪንግ ክንድ ነበር። መሣሪያው በመጀመሪያ የተሠራበት «ባውንድ ፎር ግሎሪ» እ.ኤ.አ. በ1976 ለሕዝብ ታየ። በዚያው ዓመት የእኛው ኃይሌ ገሪማ በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም በቀረጸው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የጭሰኛውን ድካም አሳየን። ሁለቱም አስቀድመው ያሰቡ ሰዎች ናቸው።

«ኪራዩ በቀን ነው፤ ጊዜ የለንም» የሚሉ አሉ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለእነርሱ ነው። ሩብ ሰዓት ለመቆጠብ ሲሉ ግማሽ ቀን ማባከን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሸክም የተሸከመችን ተዋናይ ማመላለስ፣ የሰውን ጉልበት መናቅ ነው። ያልተጠና ተውኔት ወደ መድረክ አይወጣም፤ ያልተመዘነ ካሜራም ወደ ዳገት አይውጣ።