ቀድሞ የተገኘው ዲስክ

ኮምፒውተር ሲበራ ሥርዓተ ክወናው የት እንደተቀመጠ አያውቅም። ስንት ዲስክ እንደተሰካ፣ ዲስኩ በስንት እንደተከፈለ፣ የሚፈለገው በየትኛው ክፋይ እንዳለ የሚያጣራው ቡትሎደር የሚባለው አስነሺ ፕሮግራም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1983 ከፒሲ ዶስ 2.0 ጋር በመጣው ሥርዓት፣ ይህ ሁሉ የሚጀምረው 512 ባይት ከሆነው የዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር ነው። የክፋዮቹ ሠንጠረዥ 64፣ የማረጋገጫው ምልክት 2 ባይት ሲወስዱ ለፕሮግራሙ 446 ይተርፋል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ስለሚፈጅ፣ በዚያ ስፍራ ቢበዛ 148 ፊደል ቢገባ ነው፤ አንዲት አጭር ግጥም እንኳ ትጨናነቃለች። በዚህ ጠባብ ቦታ የጻፉትን ሰዎች ጸሐፊ ብላቸው የሚቀየመኝ አይኖርም ብዬ አምናለሁ።

ቦታ ሲጠብ ቀላሉ መንገድ በተራ መቁጠር ነው፤ «የመጀመሪያው ዲስክ፣ ሁለተኛው ክፋይ» እያሉ። ተራ ግን ይለወጣል። ከፍላሽ ስናስነሣ ፍላሹ አንደኛ ይሆንና ትናንት አንደኛ የነበረው ዲስክ ወደ ኋላ ይገፋል። አቆጣጠሩም ቢሆን አልጸናም፤ ኤሪክ ቦሊን እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረው ግሩብ ቀድሞ ክፋዮችን ከዜሮ ይቆጥር ነበር፤ ግሩብ 2 ከአንድ ይጀምራል፤ ዲስኮቹን ግን አሁንም ከዜሮ!

ስለዚህ ከማሽን ማሽን እንዲሻገር የታሰበ አስነሺ «ስንተኛ ነህ?» ሳይሆን «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ጂፒቲ በተባለው የአከፋፈል ሥርዓት (ከአነጋጋሪው ቻትጂፒቲ ጋር ዝምድና የለውም) እያንዳንዱ ክፋይ የ128 ቢት መለያ አለው፤ በውስጡ ያለው የፋይል ሥርዓትም የራሱን ይይዛል። ገመዱ ቢቀያየር፣ ዲስኩ ሌላ ማሽን ውስጥ ቢገባ፣ ስሙ አብሮት ይሄዳል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ባልጻፍኩ ነበር። ስም ይገለበጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያረጀ ዲስኬን ባይት በባይት ወደ አዲስ ገልብጬ ሁለቱንም እንደተሰኩ ተውኋቸው። ለካ መለያውም አብሮ ተገልብጦ ሁለቱ አንድ ስም ይዘው ኖሯል። አስነሺው ቀድሞ ያገኘውን ይዞ ተነሣ፤ ቀድሞ የተገኘው አሮጌው ነበር። እኔም በአዲሱ የምጽፍ እየመሰለኝ ሦስት ሳምንት በአሮጌው ላይ ጻፍኩ፤ ከዚያም ትርፍ ነው ብዬ አሮጌውን አጠፋሁት። ሰባት ግጥሞች አብረው ሄዱ። ሁለቱን በቃሌ ይዣቸው ነበርና ተረፉ፤ የአምስቱን ርእስ ብቻ አስታውሳለሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ባለሙያ ቢጠየቅ ገልባጩ መለያውን መቀየር ነበረበት ይላል፤ እውነቱን ነው። ሆኖም በምሠራበት የባንክ መስኮት ሁለት ደንበኞች እስከ አያት ድረስ አንድ ስም ይዘው ቢመጡ ገንዘቡን ቀድሞ ለተሰለፈው አልከፍልም፤ እጠይቃለሁ። አስነሺውም አንድ መለያ በሁለት ዲስኮች ላይ ሲያገኝ ቆሞ «የትኛው?» ሊል ይገባዋል ባይ ነኝ። ለዚህ ደግሞ የመጀመሪያውን እንዳገኘ ፍለጋውን መተው የለበትም፤ እስከ መጨረሻው ዲስክ ማየት አለበት። በዚህ የሚጠፋው ጊዜ ከሰባት ግጥም አይበልጥብኝም።

ሰው በማይገባበት ክፍል ያለ ሰርቨር መልስ የሚሰጠው አጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ሊያድር እንደሚችል አውቃለሁ። ለእርሱ አስቀድሞ የተጻፈ ትእዛዝ ይኑረው። ጠረጴዛዬ ሥር ያለው ማሽን ግን ይጠይቀኝ፤ ከፊቱ ተቀምጫለሁ።