«ምኗ ናችሁ?»

በለቅሶ ቤት የማይቀር ጥያቄ ነው። የማይታወቅ ሰው ድንኳን ገብቶ ከልቡ ሲያለቅስ ያየ ሁሉ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ «ምኗ ነው?» ይላል። ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ የሥራ ባልደረባ ወይም የእድር አባል ከሆነ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ከእነዚህ አንዱን ካልሆነ ግን እንባው ትርፍ ይመስላል።

ባለፈው ክረምት እዚሁ ነፋስ ስልክ ውስጥ፣ ከሳሪስ ገባ ብሎ በተተከለ ድንኳን ይህ ጥያቄ ለእኔና አብረውኝ ለነበሩ ሦስት ሴቶች ቀረበልን። አራታችንም ሻሽ አስረናል፤ ከሻሹ ሥር ያለው ፀጉር ወይ የለም ወይ ገና መብቀሉ ነው። የጠየቀን ወጣት አስተናጋጅ ክፉ ሰው አልነበረም። ቤተ ዘመድ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ስለሚቀመጥ ቦታችንን ሊያሳየን ነው። አንዷ «ጓደኞቿ ነን» አለች። «የቤተ ክርስቲያን?» «አይደለም።» «የትምህርት ቤት?» «አይደለም።» ከኋላ ተቀመጥን።

ምኗ ነን ታዲያ? በየ21 ቀኑ በባቡር ሜክሲኮ ድረስ አብረናት የሄድን፣ በአንድ አግዳሚ ላይ ተራ የጠበቅን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ኬሞ የወሰድን ነን። ያ ቀይ መድኃኒት ሽንቷን ሲያቀላው ደም መስሏት ደንግጣ የደወለችው ለእኛ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማስመለሱ አልቆም ሲላት፣ እናቷ እንዳትሰማ መታጠቢያ ቤት ዘግታ ያወራችው ከእኛ ጋር ነው። እናቷን ትወድ ነበር፤ ስለምትወዳት ሸሸገቻት። ለእኛ መሸሸግ አላስፈለጋትም፤ የምትናገረውን በሰውነታችን እናውቀዋለንና።

የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ የተወለደችበት ዓመት፣ የተማረችባቸው ትምህርት ቤቶች፣ በመዘምራን ያገለገለችባቸው ዓመታት ተራ በተራ ተጠሩ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ግን በአንድ ሐረግ አለፉ፦ «ባደረባት ሕመም በሕክምና ስትረዳ ቆይታ»። ከዚያ ጸሎት ሆነ።

ውድ አንባቢ፣ ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር። ግን ክስ አለኝ፤ ደግሞም የማቀርበው በራሳችን ላይ፣ በእኛ በወንጌላውያን ወጣቶች ላይ ነው።

የመጀመሪያው ክስ የበሽታውን ስም መደበቃችን ነው። ካንሰር ብለን አንጠራውም፤ «ያ በሽታ» እንላለን። ስሙን ባለመጥራት የምናርቀው ይመስለናል። በአገራችን አብዛኛው የካንሰር ሕመምተኛ ወደ ሕክምና የሚደርሰው በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ለዚህ ድህነትና የሕክምናው ርቀት ዋና ምክንያቶች ናቸው፤ ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ዝምታችን ግን ከነዚያ ላይ የተጨመረ የራሳችን ድርሻ ነው። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች አንዲት እህት በኅብረታችን መካከል ተነስታ ስሙን መጥራት ካፈረች፣ ወሮች ያልፋሉ። እብጠቱ እስክትደፍር ድረስ አይጠብቃትም።

ሐዘንን በስሙ መጥራት ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አቶ ወንዱ በቀለ ማቲዎስ የተባለ የ4 ዓመት ልጃቸውን በደም ካንሰር አጡ። ልጃቸውን ቀብረው ዝም ማለት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን በ1996 ዓ.ም. ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ፤ የልጃቸውን ስምና የበሽታውን ስም በአንድ ሰሌዳ ላይ አኖሩ። ያ ለቅሶ ዛሬ ለብዙ ሕመምተኞች ድጋፍ ሆኗል። «ባደረበት ሕመም» ብለው ቢያልፉት ኖሮ ይህ ባልሆነም።

ሁለተኛው ክስ ለቅሶን የእምነት ጉድለት ማድረጋችን ነው። በዚያ ድንኳን አንድ አገልጋይ ተነስተው፣ አማኝ ወደ ጌታው ስለሚሄድ ማልቀስ አይገባም አሉ። ብዙዎች አሜን አሉ። የሟች ታናሽ እህት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ቀና አለች፤ ያኔ ፊቷ ላይ ያየሁት መጽናናት አልነበረም።

የሚጠቀሰው ቃል የታወቀ ነው፤ 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13። እስቲ ገልጣችሁ በጥንቃቄ አንብቡት። ጳውሎስ የከለከለው ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች ማዘንን ነው እንጂ ማዘንን አይደለም። ጌታ ኢየሱስ አልዓዛርን ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ መንገድ ላይ አለቀሰ። እስጢፋኖስን የቀበሩት ሰዎች ታላቅ ልቅሶ እንዳለቀሱለት ሉቃስ ሲጽፍ፣ ሰዎቹን በመንፈሳዊነታቸው ያስታውሳቸዋል እንጂ አይነቅፋቸውም (የሐዋ. ሥራ 8፥2)። ትንሣኤን የምናምን እኛ ከእነርሱ በምን በልጠን ነው ደረቅ ዓይን የምንጠይቀው?

ሦስተኛው ክስ ከሁሉ ይከብደኛል። ከእኛ ኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ለጎረቤታቸው በሹክሹክታ «እምነቷን መርፌ ላይ ባታደርግ ኖሮ ትድን ነበር» አሉ። ከአራታችን አንዷ ሰማች። የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ላይ አልመጣችም። ሁለተኛውም አለፈ። ደወልን፣ አላነሣችም፤ ቤቷ ሄደን አብረናት ጸለይን፣ አብረናት አለቀስን፣ በመጨረሻ ተመለሰች። በመካከሉ ግን 42 ቀን ሄዷል። እነዚያ ቀናት ምን እንደወሰዱባት እስካሁን አናውቅም። እናትየዋ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር እንደተናገሩ እንኳ አያስታውሱም ይሆናል።

«አንቺ እግዚአብሔር ይፈውሳል ብለሽ አታምኚም?» የምትለኝ ወንድሜ፣ አምናለሁ። በየቀጠሮው የለመንነው ያንን ነው። ሕዝቅያስ እንደሚድን ከእግዚአብሔር ቃል ከመጣለት በኋላም ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ (ኢሳ. 38፥21)። ብዙዎችን የፈወሰው ጳውሎስ ጥሮፊሞስን ታሞ ሳለ በሚሊጢን ተወው (2ኛ ጢሞ. 4፥20)፤ ስለ ጥሮፊሞስ እምነት ግን አንድ የወቀሳ ቃል አልጻፈም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ መልካም ወዳጆች ነበሩ። እግዚአብሔር የተቆጣቸው አፋቸውን ከፍተው ምክንያቱን ማስረዳት ከጀመሩ በኋላ በተናገሩት ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ያቺ ቤተ ክርስቲያን ለጓደኛችን ብዙ አድርጋለች። እናቶች አጥሚት ይዘው ይመጡ ነበር፤ ወጣቶቹ ለመድኃኒቷ ገንዘብ አዋጥተዋል። ይህን መካድ ኃጢአት ነው። እኛም ብንሆን ያለቀስነው ለእሷ ብቻ አልነበረም፤ ሳጥኑን ስናይ እያንዳንዳችን ስለ ራሳችንም አልቅሰናል። ስለዚህም ነው እንዲህ ያለ ለቅሶ ላይ የሚነገር ቃል የሚከብደው። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው የራሱን ቀብር እያሰበ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ወጣቶች፣ ከእናንተ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በኅብረታችሁ ካንሰርን በስሙ ጥሩት፤ በወር አንድ ቀን ሐኪም ጋብዛችሁ ስለ ጡትና ስለ ማህፀን በር ካንሰር ምርመራ አስተምሩ። ማንንም መድኃኒትህን ተው አትበሉ። ሕመምተኛ ልትጠይቁ ስትሄዱ ሃያ ሆናችሁ አትግቡ። ኬሞ ከተሰጠ በኋላ በተለይ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ባሉት ቀናት በሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በጣም ስለሚቀንሱ፣ ጉንፋናችሁ ለእሷ ጉንፋን አይደለም። ሁለት ሆናችሁ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ ግቡ፤ የቀራችሁት ደጅ ሆናችሁ ዘምሩ። የሕይወት ታሪክ ስትጽፉ የሕመሙን ዓመታት አትዝለሉ፤ የማታውቁት ከሆነ አብረዋት የታከሙትን ጠይቁ።

በኢዮጴ ጣቢታ ስትሞት ጴጥሮስን ከበው ያለቀሱት መበለቶች ዘመዶቿ ስለመሆናቸው የተጻፈ ነገር የለም። የያዙት ማስረጃ እሷ የሠራችላቸው ቀሚስና ልብስ ነበር (የሐዋ. ሥራ 9፥39)። ጴጥሮስ ምኗ ናችሁ አላላቸውም። የእኛም ጓደኛ ኪሮሽ ታውቅ ነበር። ፀጉራችን ሲረግፍ ለአራታችንም ኮፍያ ሠርታልናለች፤ የእኔ አረንጓዴ ነው። በዚያ ቀን ከሻሻችን ሥር ያደረግነው እሱን ነበር። የጠየቀን ወጣት አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ቢያየን እናሳየው ነበር።

በሚቀጥለው ለቅሶ ሻሽ ያሰሩ ሴቶች በድንኳኑ በር ሲቆሙ ታያላችሁ። አትጠይቋቸው። ከፊት ቦታ ስጧቸው።