ጠበቃን «ፈቃድህን አሳየኝ» ማለት ነውር አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንዲት የድሮ ተማሪዬ ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ መዝገቤን ዘጉብኝ» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ሁለት ልጆች አሏት። ባሏ ጥሏቸው ከወጣ ወራት አልፈዋል። የፍቺና የልጆች ቀለብ ክስ ልታቀርብ ስትሄድ ፍርድ ቤቱ በር ላይ አንድ ሰውዬ አገኘች። «ጠበቃ ነኝ፣ በአጭር ጊዜ እጨርስልሻለሁ» ብሎ 30 ሺህ ብር ተቀበላት። ውል የለ፣ ደረሰኝ የለ። «ቀጠሮ እኔ እገባለሁ፣ አንቺ አትድከሚ» አላት። እሷም አመነችው። በቀጠሮው ቀን እሱም አልገባም። አሁን ስልኩ ዝግ ነው።

«እንዴት ሳታጣራ?» እንዳትሉ። ስልክ ስንገዛ ሦስት ሱቅ እንዞራለን፣ ዋጋ እንከራከራለን። ጠበቃ ፊት ስንቀመጥ ግን ፈቃድ መጠየቅ ሰውን መስደብ ይመስለናል። ትዳር የፈረሰበት ሰው ደግሞ ድሮም አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። አጭበርባሪው የሚበላው በዚህ ሀፍረታችን ነው ባይ ነኝ።

ስለዚህ እንጠይቅ፦

1. የታደሰ የጥብቅና ፈቃድ አለህ? ለየትኛው ፍርድ ቤት? የፌዴራልና የክልል ፈቃድ ይለያያል። ትክክለኛ ጠበቃ በዚህ አይቀየምም።

2. ክፍያው ስንት ነው? ምን ምን ይሸፍናል? ይግባኝ ቢመጣስ? በጽሑፍ ይሁን፣ ፈርሙ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ክፍያውን በየደረጃው ለመክፈል መደራደርም ይቻላል።

3. ጠበቃ ብትይዙም የቀጠሮውን ቀንና የመዝገብ ቁጥሩን ራሳችሁ ያዙ።

ሁሉም ጉዳይ ብዙ ብር አይጠይቅም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ባልና ሚስት በፍቺው ከተስማሙ፣ ስለ ልጆችና ንብረት የተስማሙበትን ጽፈው ለፍርድ ቤት አቅርበው ማጸደቅ ይችላሉ። ካልተስማሙም ፍርድ ቤቱ ዋናው ጉዳይ እስኪያልቅ ስለ ልጆች አያያዝና ቀለብ ጊዜያዊ ትእዛዝ መስጠት ይችላል። ልጅ እስከ ፍርድ ቀን አይራብም ማለት ነው። ይህንን ግን መጠየቅ አለባችሁ።

አቅም የሌለው ሰው የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል በድሃ ደንብ መክሰስ ይችላል። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። ጠበቆችም ቢሆኑ ለአቅመ ደካማ በነፃ የመቆም ግዴታ አለባቸው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሴ ልምጣ። ይቺን ልጅ 10ኛ ክፍል ሥነ ዜጋ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ በቃሏ አስይዣታለሁ። ውል ሳትፈርሚ ብር አትስጪ ብዬ ግን አስተምሬያት አላውቅም። መጀመሪያ ያማከረችኝ ጊዜም «ሽማግሌ ላኪበት» ብዬ ነው የሸኘኋት። ሽምግልና ጥሩ ነው፤ ግን ልጆቿ ምን እየበሉ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኳትም። ይሄ ያሳፍረኛል።

መዝገቡ በቂ ምክንያት ካለ እንደገና እንዲከፈት ማመልከት ይቻላል። ጊዜው አጭር ነውና ሰኞ ጠዋት አብሬያት ነፃ የሕግ ድጋፍ ጋ እሄዳለሁ።

ከእናንተ መካከል ፈቃድ ያላችሁ ጠበቆች፣ በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ፣ እባካችሁ በውስጥ መስመር አናግሩኝ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ይህንን ለሚያስፈልገው ሰው አድርሱልኝ። ዝም ብሎ የሚቸገር ሰው በየቤቱ አለ።