ዝምታ ያሰጠማት መርከብ

«ዝም አይነቅዝም» ሲባል እየሰማን አድገናል። ይህ ምሳሌ ምላሱን ለማይገታ ሰው መልካም ምክር መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሁልጊዜ እውነት ነውን? ውድ አንባቢዎች ሆይ፥ ቫሳ የተባለችው የስዊድን የጦር መርከብ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ይመስለኛል።

ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ከፖላንድ ጋር በሚዋጋበት ዘመን ይህችን ባለ ሸራ መርከብ በስቶክሆልም ከኦክ እንጨት አሠራ። ብዙ መድፍ በሁለት ደርብ እንድትሸከም ታስቦ ነበር። ንጉሡም በጦር ሜዳ ሆኖ ቶሎ እንድታልቅ በደብዳቤ ያስቸኩል ነበር።

ከጉዞዋ በፊት የመርከቢቱ አዛዥ ነገሩ ስላሳሰበው 30 ሰዎች በላይዋ ከዳር እስከ ዳር እንዲሮጡ አደረገ። ሦስት ጊዜ እንደ ተመላለሱ መርከቢቱ እጅግ ስለ ተንገዳገደች፥ በዚያ የነበረው አድሚራል ፍሌሚንግ ሩጫውን አስቆመ። ከላይ ከብዳ ከታች መቅለልዋን በዓይናቸው አዩ፤ ጉዞዋን ያስቆመ ግን አልነበረም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 10 ቀን 1628 ሕዝብ ተሰብስቦ ሲመለከት፥ ቫሳ 1,300 ሜትር ያህል እንደ ሄደች ነፋስ አጋደላት፤ በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶች ውሃ ገባባትና ሰጠመች። 30 ያህል ሰዎችም ሞቱ። ምርመራ በተደረገ ጊዜ ልኳን የፈቀደው ንጉሡ ራሱ መሆኑ ተነገረ፤ በመጨረሻም ማንም ሳይቀጣ ቀረ። በእኛም አገር «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል።

ከ333 ዓመት በኋላ፥ በ1961፥ ከባሕር ስትወጣ አካልዋ ሳይፈርስ ተገኘ፤ የባልቲክ ባሕር ጨው አነስተኛ ስለ ሆነ እንጨት የሚበላው የባሕር ትል አይኖርበትምና። ዛሬም በስቶክሆልም ቤተ መዘክር ቆማ ትታያለች። እንግዲህ እንጨቱ አልነቀዘም፤ የነቀዘው ዝምታው ነው።

«በንጉሥ ፊት ማን ደፍሮ ይናገራል?» የሚል ይኖራል። በእርግጥ ከባድ ነው። ነገር ግን ጉዞው ቢዘገይ የሚጠፋው ጊዜ ብቻ ነበር፤ ቍጣም ቢመጣ ይበርዳል። የሞቱት ሰዎች ግን አይመለሱም።

ይህ የንጉሥና የአድሚራል ነገር ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ አንድ ጓደኛዬ ከትምህርቱ እየራቀ መሄዱን እያየሁ፥ ቅር እንዳይለው ብዬ ዝም አልሁ። ፈተናውን በወደቀ ጊዜ ግን ዝምታዬ ወዳጅነት እንዳልነበረ ተረዳሁ።

ስለዚህ ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን ሆይ፥ አንድ ልጅ በትሕትና «ይህ ነገር ልክ አይመስለኝም» ቢላችሁ፥ ባለጌ ነው ሳትሉ ስሙት። እኛም ተማሪዎች ያየነውን በአክብሮት እንናገር። ከመስጠም በፊት የተነገረ ቃል ለጊዜው ያስቀይም ይሆናል፤ ከሰጠመ በኋላ ግን ምርመራ እንጂ ማዳን የለም።